ከወፍጮው ዳገት ሥር

አንሴልም ቫሴር ከወፍጮው ዳገት ሥር፣ መንገዱ ዳር፣ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ብስክሌቱ ከጀርባው ላይ ተጋድሟል፤ የፊት ቸርኬው ተጣሞ ከጥቅም ውጭ ሆኗል። ያገኘው ፍግ ጭኖ ወደ እርሻው የሚሄድ ገበሬ ነው። ገበሬው የሟቹን ማንነት ለማወቅ ፊቱን ማየት አላስፈለገውም። በፍሬሲኩር መንደርና በዙሪያው ባሉት የከሰል ጉድጓዶች ያን ሰፊ ጀርባ የማያውቅ አልነበረም፤ ዐሥራ አምስት ዓመት ሙሉ እየራቀ ሲሄድ ያዩት እሱን ነውና።

ኢንስፔክተር ኦክታቭ ካርሊዬ ከአራስ ከተማ በባቡር መጥቶ ቦታው ሲደርስ ረፋዱ አራት ሰዓት ሆኗል። ጉሙ አልተነሣም። የመጋቢት ብርድ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የመንደሩ ፖሊስ ሃምሳ አለቃ ዱካን ሬሳውን በጆንያ ሸፍኖ፣ እጆቹን በብብቱ ሸጉጦ ይጠብቀው ነበር።

«ነገሩ ግልጽ ነው ጌታዬ» አለ ዱካን። «ዳገቱን ወጣ፤ ወፍጮው ጋ ሲደርስ ዞረ፤ ቁልቁል ሲምዘገዘግ እርጥቡ ድንጋይ ከዳው። በቃ።»

«በዚህ ቁልቁለት ስንት ጊዜ ወርዶ ያውቃል?»

«ዐሥራ አምስት ዓመት። ከእሁድ በቀር በየቀኑ።»

«ዐሥራ አምስት ዓመት ያልከዳው ድንጋይ ዛሬ ከዳው?»

«ድንጋይ ቃል ኪዳን የለውም ጌታዬ።»

ካርሊዬ ተንበረከከና ጆንያውን ገለጠ። ይህን ሰው በሕይወቱ አንድ ጊዜ አይቶት ያውቃል። ከዘጠኝ ዓመት በፊት አራስ ከተማ ዳር ሴት ልጁን ትከሻው ላይ አስቀምጦ ውድድር ሊያይ ቆሞ ሳለ፣ አንሴልም ቫሴር ከአቧራ ውስጥ ብቻውን ብቅ አለ። ትርፍ ጎማዎቹን ደረቱ ላይ አመሳቅሎ አሥሯል፤ ፊቱ ከዓይኑ በቀር የሚለይ ነገር አልነበረውም። ጋዜጦቹ «የጉድጓዱ ፈረስ» ይሉት ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ሲሞላው የከሰል ጉድጓድ ገብቶ፣ ከመሬት በታች ጋሪ ከሚጎትቱ ፈረሶች ጋር አድጓል። ሃያ ዓመት ሲሞላው በተዋሰው ብስክሌት ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ነድቶ የክፍለ ሀገሩን ሰው ሁሉ ቀደመ። ከዚያ ወዲያ ወደ ጉድጓድ አልተመለሰም፤ እንጀራው መንገድ ላይ ሆነ።

ቁስሉ ማጅራቱ ላይ ነው። ግንባሩ ጭቃ ነክቶታል እንጂ አልተሰነጠቀም። የሱፍ ጓንቶቹ ተጣጥፈው ኮቱ ኪስ ውስጥ ተቀምጠዋል። የጣቶቹ ጫፍ በጥቁር ግራሶ ተለውሷል። ካርሊዬ ወደ ብስክሌቱ ዞረ። መሪው ላይ የተጠመጠመው ጨርቅ አልተላጠም፤ ፔዳሎቹም ድንጋይ አልነካቸውም። የኋላ ቸርኬው ካቴና በትልቁ ጥርስ ላይ ነበር። ቸርኬውን የያዙትን ሁለት ዳዶዎች በጣቱ ሞከራቸው። የቀኙ ጠብቋል። የግራው በአንድ ጣት ዞረለት።

«ብስክሌቱን ማንም እንዳይነካው» አለው ዱካንን። «በተለይ ላስተካክለው ባይ ካለ፣ ስሙን ያዝልኝ።»

ሲነሣ ጫማው ከበደው። ዳገቱ ነጭ የኖራ አፈር ነው፤ ሲረጥብ እንደ ሊጥ ይጣበቃል። ከዚያ በታች እስከ መንደሩ ድረስ ግን መሬቱ በከሰል የጠቆረ ነበር።

ቫሴር ከውድድር ባገኘው ሽልማት የገዛው መጠጥ ቤት ከጉድጓዱ በር ፊት ለፊት ነው። ካርሊዬ በጓሮ በኩል ገባ። ሐሙስ የልብስ ማጠቢያ ቀን ባይሆንም ገመዱ ላይ አንዲት ጥቁር ቀሚስ ብቻዋን ተሰጥታ ውሃ ታንጠባጥባለች።

የሟቹ ሚስት ሌዮካዲ ረጅም፣ ትከሻ ሰፊ ሴት ናት። ዓይኗ ደርቋል። ብርጭቆ እያጠበች ነበር፤ ኢንስፔክተሩን ስታይም አላቆመችም።

«ስንት ሰዓት ወጣ?»

«ዐሥራ ሁለት ሰዓት። እንደ ሁልጊዜው።»

«ሲወጣ ምን አለ?»

«ምንም። ካለፈው ሐምሌ ወዲህ አንሴልም የሚናገር ሰው አልነበረም።»

ሐምሌ ላይ የሆነውን በአጭሩ ነገረችው። የአንሴልም ታናሽ ወንድም ኤሎዋ፣ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት፣ የወንድሙን ዱካ ተከትሎ ብስክሌተኛ ሆኖ ነበር። በደቡብ በተካሄደ የአራት ቀን ውድድር ላይ፣ ድንጋይ በሚያቀልጥ ሙቀት፣ መንገድ ዳር ወድቆ ሞተ። ሐኪሙ «ፀሐይ መታው» ብሎ ጻፈ። የኤሎዋ ሚስት ዜሊ እና የሦስት ዓመት ልጇ ኦዴት ከዚያ ወዲህ እዚሁ ቤት ይኖራሉ።

«ዜሊ ዛሬ ጧት የት ነበረች?»

«ወጥ ቤት ነበረች። ድንች ስትልጥ። ጧቱን ሙሉ አብራኝ ነበረች፤ አንድ እርምጃ ከቤት አልወጣችም።»

ካርሊዬ ማስታወሻውን ዘጋ። ለአጭር ጥያቄ ረጅም መልስ ሲሰጠው ሁልጊዜም እርሳሱን ያስቀምጣል፤ እንዲህ ያለውን ሳይጽፍም አይረሳውምና።

ዜሊ ወጥ ቤት ውስጥ ልጇን አቅፋ ተቀምጣለች። ቀጭን ናት፤ እጆቿ ከቀዝቃዛ ውሃ ብዛት ቀልተዋል።

«ልጄ፣ ስለ አንሴልም ምን ትነግሪኛለሽ?»

«ጎበዝ ብስክሌተኛ ነበር።»

«እንደ ሰውስ?»

«እንደ ሰው አላገኘሁትም ጌታዬ። ወይ ብስክሌት ላይ ነው፣ ወይ ተኝቷል። ባሌም ወደዚያው እየሄደ ነበር።»

ሌላ አልጠየቃትም። ልጅቷ የካርሊዬን የሰዓት ሰንሰለት ልትይዝ እጇን ስትዘረጋ፣ ዜሊ እጇን ቀስ ብላ መለሰችው።

በመንደሩ አንሴልም ቫሴርን ይጠላል የሚባል ሰው ካለ ካዚሚር ሎተን ነው። እሱም ብስክሌተኛ ነበር። ከአራት ዓመት በፊት አንድ ውድድር ላይ፣ መታጠፊያው ጋ የአንሴልም ክርን ገፋ አደረገውና ከጋሪ ሥር ገባ። የግራ እግሩ ከጉልበቱ በታች እንጨት ነው። አሁን በአንዲት ጠባብ ሱቅ ብስክሌት ይጠግናል።

«ገድለኸዋል?» አለው ካርሊዬ፣ በር ላይ ቆሞ።

«ብዙ ጊዜ። በሕልሜ» አለ ካዚሚር፣ ከሥራው ቀና ሳይል። «በውኔ ግን አራት ኪሎ ሜትር በእንጨት እግር ሄጄ፣ ጭቃ ውስጥ ተደብቄ የሠራሁት ነገር ቢኖር ኖሮ፣ ለመንደሩ ሁሉ እፎክርበት ነበር።»

«ዛሬ ጧት ከመኝታህ ስትነሣ ማን አየህ?»

«ማን ያየኛል? ብቻዬን እኖራለሁ። ለክፉ ቀን ብዬ ምስክር አላስቀምጥም።»

ካርሊዬ ከግድግዳው ላይ የኋላ ቸርኬ አወረደና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «በዚህኛው ጎን ትንሽ ጥርስ አለ፤ በወዲያኛው ትልቅ። እኔ የፖሊስ ሰው ነኝ፤ አስረዳኝ።»

ካዚሚር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለ። ስለ ሥራው ሲጠየቅ ምሬቱ ከድምፁ ይጠፋል። «ትንሹ ለሜዳና ለቁልቁለት ነው። ትልቁ ለዳገት። ዳገቱ ሥር ስትደርስ ትወርዳለህ፤ ሁለቱን ዳዶ ትፈታለህ፤ ቸርኬውን ገልብጠህ ትመልሰዋለህ፤ ካቴናውን በትልቁ ጥርስ ላይ ታደርጋለህ፤ ታጠብቃለህ። አናቱ ላይ ስትደርስ ደግሞ ወርደህ ታዞረዋለህ።»

«አናቱ ላይ ሳያዞር ቁልቁል የሚወርድ አለ?»

«እግሮቹን የሚጠላ ሰው ካለ። ፔዳሉ እንደ ወፍጮ ያሽከረክርሃል። ማንም ብስክሌተኛ ያንን አያደርግም፤ አንሴልም ደግሞ እንቅልፍ ላይ ሆኖም አያደርገውም።»

ካርሊዬ ሊወጣ ሲል ካዚሚር ጠራው። «አንድ ነገር ልንገርህ። ባለፈው መስከረም እዚህ መጥቶ እዚያች ሣጥን ላይ ተቀመጠ። ‹ካዚሚር፣ እጄ እርግማን አለበት› አለኝ። ‹ለሰው ስዘረጋው ያጠፋል።› ስለ እግሬ መስሎኝ ‹ይቅር ብዬሃለሁ፣ ሂድ› አልኩት። ከዚያ አለቀሰ። እግሬ ከተቆረጠ አራት ዓመቱ ነው፤ በአራተኛው ዓመት የሚለቀስለት ለምንድን ነው ብዬ ገረመኝ።»

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ባርናቤ ተሊዬ ነው፤ የብስክሌተኞቹ አሠልጣኝና ወጌሻ፣ ስድሳ ዓመት የሞላው፣ ንጹሕ አንገትጌ የሚያደርግ ሰው። ባቡር ጣቢያው አጠገብ ባለው ሆቴል ተከራይቷል። አልጋው ላይ የተከፈተ ሻንጣ ነበር፤ ውስጡ በጥጥ የተጠቀለሉ ቡናማ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

«ምንድን ናቸው?»

«ኃይል» አለ ባርናቤ። «ቡና፣ ወይን፣ የኮካ ቅጠል፣ ትንሽ ካምፎር።»

«እስትሪክኒንስ?»

«ጠብታ ያህል። ያነቃል። ለለመደ ሰው መድኃኒት ነው፤ ላልለመደ ግን መርዝ ይሆናል። ሁሉም ይወስዳል ጌታዬ። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር በዚያ ኮረት ላይ በውሃ ብቻ የሚሄድ ሰው አሳየኝና ሻንጣዬን ጉድጓድ ውስጥ እጥለዋለሁ።»

«ከአንሴልም ጋር ባለፈው ሳምንት ተጣልታችኋል፤ መንደሩ ሁሉ ሰምቷል።»

«‹ከእንግዲህ ከጠርሙስህ አልጠጣም፤ ለሌሎቹም እነግራለሁ› አለኝ። አርጅቷል። ያረጀ ብስክሌተኛ ቄስ መሆን ያምረዋል።»

«ሌሎቹ ቢሰሙት ኖሮ ሥራህ ያልቅ ነበር።»

«አይሰሙትም ነበር» አለ ባርናቤ። ሲናገር ኩራትም ፍርሃትም አልታየበትም። ካርሊዬ ያመነውም ስለዚህ ነው።

«ዜሊስ? ሰኞ ዕለት እዚህ መጥታ እንደነበር የሆቴሉ ባለቤት ነግራኛለች።»

«ስለ ባሏ ጠየቀችኝ። የሐዘንተኛ ነገር ነው፤ ጠይቃ ሄደች።»

በማግስቱ ዓርብ ጧት ካርሊዬ ከሌዮካዲ መጠጥ ቤት ወጥተው ወደ ጉድጓዱ የሚገቡ ሦስት ቆፋሪዎችን መንገድ ላይ አስቆማቸው። ሐሙስ ጧት ማን እንደ ቀዳላቸው ጠየቀ።

«ራሷ ሌዮካዲ» አለ አንዱ።

«እርግጠኛ ነህ?»

«ጌታዬ፣ ዜሊ ጂን ስትቀዳ እስከ አፉ ትሞላዋለች። ሌዮካዲ ግን እንደ ቄስ ነው የምትቀዳው፤ ታቀምስሃለች እንጂ አታጠጣህም። ሐሙስ ዕለት የቀመስኩት ነው ትዝ የሚለኝ።»

«እንጨትም ራሷ ነች ከጓሮ ያመጣችው» አለ ሁለተኛው። «ሕፃኗ ስታለቅስም እሷ ናት የሮጠችው። ‹ዜሊ የታለች?› ስላት ‹ተኝታለች› አለችኝ።»

ካርሊዬ አመስግኖ ወደ ጓሮው ሄደ። እጁን የሚታጠብ መስሎ ከማጠቢያው ድንጋይ ሥር የተቀመጡትን የእንጨት ጫማዎች አነሣ። ላያቸው ታጥቧል። ሶላቸው ላይ የተመቱት ሚስማሮች ዙሪያ ግን ነጭ ኖራ ደርቆ ተቀምጧል። ካርሊዬ ጫማዎቹን መልሶ በቦታቸው አስቀመጠ። ሃያ ስድስት ዓመት በዚህ ሥራ ኖሯል፤ እንቆቅልሽ በተፈታለት ቁጥር አንድ ዓይነት ደስታ ይሰማው ነበር። በዚያ ጧት አልተሰማውም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንሴልም ቫሴርን ቀበሩት። ከመቃብር መልስ ካርሊዬ አራቱ ሰዎች መጠጥ ቤቱ ውስጥ እንዲቀሩ ጠየቀ። ሌዮካዲ ከባንኮኒው ኋላ ቆመች። ዜሊ መስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች፤ ልጅቷን ጎረቤት ወስዳታለች። ካዚሚር የእንጨት እግሩን ዘርግቷል። ባርናቤ ሻንጣውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ሰዓቱን ያያል፤ በማግስቱ ውድድር ነበረበት። ሃምሳ አለቃ ዱካን በሩ ላይ ቆመ።

«አንሴልም ከቁልቁለት አልወደቀም» አለ ካርሊዬ። «ያን ቀን ዳገቱን ጭራሽ አልወጣውም።»

ባርናቤ ዓይኑን ከሰዓቱ አነሣ።

«ጓንቶቹ ኪሱ ውስጥ ነበሩ። በዚያ ብርድ ባዶ እጁን ቁልቁል የሚነዳ የለም። ጓንቱን ያወለቀው ቆሞ በእጁ የሚሠራው ነገር ስለነበረ ነው። ግራሶው ጣቶቹ ላይ ነበር። የኋላ ቸርኬው በትልቁ ጥርስ፣ ለዳገት ተዘጋጅቷል፤ የቀኙ ዳዶ ጠብቆ የግራው ገና ነው። ዐሥራ አምስት ዓመት በመንገድ ላይ የኖረ ሰው ዳዶ ሳያጠብቅ አይነሣም። ስለዚህ አልተነሣም። ዳገቱ ሥር አጎንብሶ ቸርኬውን ሲያስተካክል፣ አንዱን አጥብቆ ወደ ሌላው ሲያልፍ፣ ከኋላው በድንጋይ ተመታ። ያን ያደረገ ሰው የፊት ቸርኬውን በዚያው ድንጋይ ቀጠቀጠና ብስክሌቱን ጫነበት፤ ሲወርድ ወድቆ የሞተ እንዲመስል።»

«ታዲያ ወደ እኔ ነው የምትመጣው» አለ ካዚሚር። «እዚያ እንደሚቆም የማውቀው እኔ ነኝ።»

«አንተ ብትሆን ኖሮ ቸርኬውን ታዞረው ነበር። ባርናቤም እንዲሁ። ብስክሌት የሚያውቅ ሰው ከቁልቁለት የወደቀ አስመስሎ ካቴናውን በዳገት ጥርስ ላይ አይተወውም። ገዳዩ አንሴልም እዚያ ቦታ ወርዶ ቸርኬ እንደሚነካካ ያውቃል፤ ለምን እንደሚነካካው ግን አያውቅም። እንዲህ ያለ ሰው ከብስክሌተኞች ጋር የኖረ፣ ብስክሌት ግን ነክቶ የማያውቅ ነው።»

ሌዮካዲ ጨርቁን አስቀመጠች። «እኔ ነኝ» አለች።

«አይደሉም እመቤት። ከዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚህ ሲቀዱ ሦስት ሰዎች አይተውዎታል። ብቻዎን። ‹ዜሊ አንድ እርምጃ አልወጣችም› አሉኝ፤ እኔ ያን አልጠየቅኩም ነበር። በዚህ አገር ልብስ የሚታጠበው ሰኞ ነው፤ ሐሙስ ዕለት ግን አንዲት ቀሚስ ብቻዋን ተሰጥታ አየሁ። የመንደሩ ጭቃ ጥቁር ነው። በማጠቢያው ሥር ያሉት የእንጨት ጫማዎች ሚስማር ውስጥ ያገኘሁት ነጭ ነው።»

ዜሊ ከመስኮቱ ዞረች። ለማምለጥም ለመካድም የፈለገች አትመስልም ነበር።

«ኤሎዋ አንድ ቀን ምሳ አሲዞ እዚያ ወስዶኝ ነበር» አለች። «‹አንሴልም ሁልጊዜ እዚህ ወርዶ ቸርኬ ይጠግናል› አለኝ። ቤት ውስጥ አይቆምልኝም። ስናገረው ይወጣል። የሚቆምበት ቦታ ያ ብቻ ነው። ልገድለው አልሄድኩም ጌታዬ። ልጠይቀው ነው የሄድኩት።»

«ምን ልትጠይቂው?»

«ባርናቤ ነግሮኛል። ኤሎዋን የገደለው ፀሐይ አይደለም፤ ጠርሙስ ነው። ጠርሙሱን የሰጠው አንሴልም ነው። ‹ለምን ሰጠኸው?› አልኩት። አጎንብሶ ነበር። ‹ለምን መርዝ ሰጠኸው? ኤሎዋ ከፊትህ እየነዳ እንዲጎትትህ ነው? ደከመኝ ሲልህ ነው?› አልኩት። ቀና አላለም። ዳዶውን ማጥበቅ ቀጠለ። እኔ ከኋላው ቆሜ ስለ ሞተ ባሌ እያወራሁ፣ እሱ ዳዶ ያጠብቃል። ድንጋዩ ከመንገዱ ላይ የተነቀለ ነው። ከባድ ነበር። እንዴት እንዳነሣሁት አላውቅም።»

ካርሊዬ እዚህ ላይ ሊያቆም ይችል ነበር። ሥራው አልቋል። ግን ወደ ባርናቤ ዞረ።

«አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ያን ጠርሙስ ለማን ነበር ያዘጋጀኸው?»

«የትኛውን?»

«ኤሎዋ የጠጣውን።»

ባርናቤ አንገትጌውን ነካ አደረገ። «ለአንሴልም። ለራሱ። ዐሥር ዓመት የለመደው መጠን ነበር።»

«እና እንዴት ኤሎዋ እጅ ገባ?»

«ሙቀቱ ከባድ ነበር። የልጁ ውሃ አለቀበት። አንሴልም የራሱን አቀበለው።»

«በውስጡ ያለው ምን ያህል እንደሆነ ያውቅ ነበር?»

«ማንም አያውቅም። አሠራሩ የኔ ነው። ቡናና ወይን ነው የሚሉት። እኔም እንደዚያ ነው የምላቸው።»

«ይህን ለዜሊ ነገርካት?»

«ማን ሰጠው ብላ ጠየቀችኝ፤ አንሴልም አልኳት። ውሸት አይደለም። ሌላ አልጠየቀችም።»

ካዚሚር የእንጨት እግሩን ወለሉ ላይ እየቧጠጠ ሳበው። «እጄ እርግማን አለበት ያለኝ…» አለና ሳይጨርሰው ተወው።

ዜሊ ሌዮካዲን አየቻት። «አንቺ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አለች ሌዮካዲ። ድምፅዋ ከሩቅ የሚመጣ ይመስል ነበር። «ኤሎዋ ከጠርሙሱ ጠጥቶ እጁ ላይ ስለሞተ አንሴልም ከሐምሌ ጀምሮ ይጠረጥር ነበር። ባለፈው ሳምንት ባርናቤን አስገድዶ አናገረውና ጠርሙሱ ውስጥ የነበረውን አወቀ። ‹ለዜሊ ራሴ እነግራታለሁ፤ አንቺ እንዳትናገሪ› ብሎ አስማለኝ። በየቀኑ ‹ነገ› ይላል። ቀና ብሎ ያላየሽ ንቆሽ አይደለም፤ ኤሎዋ ከሞተ ጀምሮ ዓይንሽን አይቶ አያውቅም። አይችልም ነበር።»

ዜሊ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው፤ ከዚያ ጉልበቷ ላይ መልሳ አስቀመጠቻቸው።

«ሐሙስ ስትመለሺ ቀሚስሽን አየሁት» አለች ሌዮካዲ። «ገባኝ። ባሌ አንዴ ሄዷል። ደግሞ ኦዴትን እናት አልባ ላድርጋት?»

ካርሊዬ ኮፍያውን አነሣ። ባርናቤም ተነሣ፤ ሻንጣውን ቆለፈ። «እኔ እፈለጋለሁ?» ብሎ ጠየቀ።

«ለምስክርነት።»

«ለሌላስ?»

ካርሊዬ ሕጉን ከዳር እስከ ዳር ያውቀዋል። ስለ ጠርሙሱ የሚናገር አንቀጽ አልነበረውም፤ ግማሽ እውነት ስለ መንገርም እንዲሁ። «ለሌላ አትፈለግም» አለው። ባርናቤ ለሁሉም እጅ ነሥቶ ወጣ። የዐሥር ሰዓቱ ባቡር አላመለጠውም።

ፍርዱ በሰኔ ተሰጠ። ጠበቃዋ ስለ ጠርሙሱ ለመናገር ሞክሮ ነበር፤ ዳኛው ግን ሟቹ የሞተው በድንጋይ መሆኑን አስታወሱት። ዐሥራ ሁለት ዓመት ተፈረደባት። ባርናቤ ቀርቦ መሰከረ፤ ንጹሕ አንገትጌ አድርጎ ነበር፤ የጠየቁትን ሁሉ በትክክል መለሰ። ከዜሊ ጋር ዓይን ለዓይን ሲተያዩ፣ እንደ ድሮ ደንበኛ ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገላት።

በሁለተኛው ክረምት ዜሊ በሴቶች ወህኒ ቤት በሳምባ በሽታ ሞተች። ወረቀቱ አራስ ሲደርስ ካርሊዬ በፖስታ ከመላክ ይልቅ ራሱ ይዞት ሄደ። መጠጥ ቤቱ ባዶ ነበር፤ ቆፋሪዎቹ ገና ከጉድጓድ አልወጡም። አምስት ዓመት የሞላት ኦዴት ወለሉ ላይ ተቀምጣ አዝራሮችን በቀለማቸው ትለያለች።

ሌዮካዲ ወረቀቱን አንብባ አጠፈችው። «ተሠቃየች?»

«አልተሠቃየችም» አለ ካርሊዬ፤ የሚያውቀው ነገር ግን አልነበረም።

«እማ፣ ይኸ ሰውዬ ማነው?» አለች ልጅቷ።

«የሩቅ ሰው ነው፤ አዝራርሽን ልቀሚ።» ሌዮካዲ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እማ ነው የምትለኝ። አላረምኳትም። ስታድግ ግን ይህ መንደር ዝም አይላትም። ምን እላታለሁ? እናትሽ አጎትሽን ገደለች ልበላት? አጎትሽ አባትሽን ገደለ ልበላት?»

ካርሊዬ ከጓንትና ከዳዶ የሰው ሞት ያነበበ ሰው ነው። ለዚህ ጥያቄ ግን የሚያነበው ምልክት አልነበረውም።

«ሁለቱም ሳያውቁ ነው ያደረጉት ይበሏት።»

«ያጽናናታል?»

ልጅቷን አያት። ጥቁሮቹን በአንድ በኩል፣ ነጮቹን በሌላ በኩል አድርጋ፣ ከሁለቱም ያልሆነ አንድ አዝራር በእጇ ይዛ ታስባለች።

«አያጽናናትም» አለ ካርሊዬ።